ሁለት ሰዓት ከየት መጣ? ከግማሽ ማራቶን በፊት

ለግማሽ ማራቶን መመዝገቤን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ የጠየቁኝ ሩጫውን እጨርሰው እንደሆነ ሳይሆን ስንተኛ እንደምወጣ ነበር። ከአገሩ ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን የመሰለ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም፤ የአትሌቶቻችን ስም ከእኛ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ሰዎች ሁላችንም ሯጭ ሆነን የተወለድን ይመስላቸዋል። እኔ በበኩሌ አይከፋኝም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ሰው ያለበትን አቅም ሳያውቅ የሌላውን ግምት የራሱ ግብ አድርጎ ከተነሣ፣ ልምምዱም ሩጫውም መከራ ነው የሚሆንበት።

ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ቫሌንሲያ ላይ የሴቶችን የግማሽ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ በመግባት ነው። ይህም 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትሩን እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እየጨረሰች ሮጣለች ማለት ነው። ዮሚፍ ቀጀልቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በዚያችው ከተማ 57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገብቷል። እኔ በለተሰንበት ፍጥነት አንድ የመም ዙር እንደምንም ብጨርስ ሁለተኛውን አልደግመውም፤ ስለዚህ የእኔ ግብ ከባንዲራው ሳይሆን ከራሴ ልምምድ መነሣት ነበረበት።

ልምምዱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የሌሊት የሥራ ፈረቃዬ ነው። በየቦታው የሚገኙት የልምምድ ዕቅዶች ሌሊት ለሚተኛ ሰው የተጻፉ በመሆናቸው፣ ማክሰኞ ፈጣን ሩጫ፣ እሑድ ረጅም ሩጫ እያሉ በሳምንቱ ቀናት ያዝዛሉ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ግን ጠዋት ላይ ፈጣን ዙሮችን ልሩጥ ቢል ልቡ ያለ ልክ ይመታል፣ እግሩ አይታዘዝለትም፤ ከልምምዱ የሚያተርፈውም ድካም ብቻ ነው። በመሆኑም ዕቅዱን ከቀናት ስም አላቅቄ ከእንቅልፌ ጋር አያያዝሁት። ፈጣኑ ልምምድና ረጅሙ ሩጫ ሌሊቱን ከተኛሁ በኋላ በሚመጣው ቀን ብቻ ይደረጋሉ፤ ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ባሉት ምሽቶች ደግሞ አጭርና ቀላል ሩጫ ብቻ እሮጣለሁ።

ቀላል ሩጫ የሚባለው ሰው ሳይቋረጥ እያወራ ሊሮጠው የሚችለው ሩጫ ነው። ልብን የሚያጠነክረውና ጡንቻ ኦክስጅንን በደንብ እንዲጠቀም የሚያደርገው አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በዚህ ዝግታ ስለሆነ፣ በረጅም ርቀት ልምምድ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው። እኔ ይህን የምለካው በእናቴ ነው። በጆሮ ማዳመጫ እያወራኋት ስሮጥ፣ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው?» ካለችኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። አንድ ቀን፣ «ለመሆኑ ይከፍሉሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይ እማዬ፣ የምከፍለው እኔ ነኝ» ስላት ለጊዜው ዝም አለች፤ ከዚያም «እሱስ ይቅር፣ ብቻ ብርድ እንዳይመታሽ» ብላ ወሬውን ቀየረችው።

ወደ ግቡ ልመለስ። ፒተር ሪግል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ያወጣው ቀመር አለ፤ አንድ ሰው በአጭር ርቀት ካስመዘገበው ሰዓት ተነሥቶ በረጅሙ የሚገባበትን ይገምታል። በአቅሜ ልክ የሮጥሁት 10 ኪሎ ሜትር 54 ደቂቃ ስለወሰደብኝ፣ በቀመሩ መሠረት ግማሽ ማራቶኑን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ገደማ መጨረስ ይገባኛል። ይህ ግን ለርቀቱ የሚበቃ ልምምድ ለሠራ ሰው የሚሆን ግምት ነው፤ በሳምንት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚሮጥ ሰው እንደ ተስፋ እንጂ እንደ ተጨባጭ ግምት አይወሰድም። ስለዚህ ግቦቼን ሦስት አደረግኋቸው፦ የመጀመሪያው ሳልጎዳ መጨረስ፣ ሁለተኛው ከ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በታች መግባት፣ ሦስተኛውና ቀኑ ከቀናኝ ብቻ የማሳድደው ከ2 ሰዓት በታች መግባት ነው።

ለዚህ ለሦስተኛው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ መሮጥ አለበት ይባላል፤ ስሌቱ ልክ ነው፣ የእጅ ሰዓቱ ግን ሌላ ይቆጥራል። ሯጭ በየመታጠፊያው በአጭሩ መስመር ስለማይሄድና የጂፒኤስ ልኬትም ስለሚዛነፍ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓቱ 21.3 ኪሎ ሜትር ማሳየቱ የተለመደ ነው። እንዲያ ከሆነ 5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድን አምኖ የሮጠ ሰው ከ2 ሰዓት በአንድ ደቂቃ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ሰዓቴ ላይ ማየት የምፈልገው አማካይ ፍጥነት 5 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ነው።

የመጨረሻውን ረጅም ሩጫ፣ 18 ኪሎ ሜትሩን፣ የሮጥሁት በውርጭ ነበር። የመጨረሻዎቹን 4 ኪሎ ሜትሮች በውድድሩ ፍጥነት ስሮጥ እግሬ እሺ አለኝ፤ ያስቸገረኝ የኃይል ሰጪው ጄል ነበር። ጣቶቼ በጓንት ውስጥ ደንዝዘው ማሸጊያውን መቅደድ ስላቃታቸው በጥርሴ ስከፍተው ግማሹ አገጬ ላይ ፈሰሰ። በውድድሩ ዕለት የማሸጊያውን ጫፍ ቤት ሳለሁ በመቀስ በጥቂቱ እበጣዋለሁ። ጫማውም ጄሉም የለመድኋቸው ይሆናሉ፤ በዚያ ቀን አዲስ ነገር አይሞከርም።

አሁን የቀረው ዕረፍት ነው። የሚሮጠው ርቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ እግር እንዳይተኛ ግን አጫጭር ፈጣን ሩጫዎች ይቀጥላሉ። የፈረቃ ለውጥም ጠይቄ ከውድድሩ በፊት ያሉትን ሌሊቶች እንድተኛ ተፈቅዶልኛል፤ በእኔ ግምት ከየትኛውም ልምምድ ይልቅ የሚጠቅመኝ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በ5 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ እየሮጥሁ ማንም ቢያልፈኝ አልከተልም፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እጨምራለሁ። 16ኛው ኪሎ ሜትር ምልክት ላይ 1 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ከሆንሁ ሦስተኛውን ግብ አሳድዳለሁ። 1 ሰዓት ከ33 ካለፈ ግን የቀሩትን 5 ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ5 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ መሮጥ ስለሚጠይቅና ያን ያህል አቅም ስለሌለኝ፣ ሳላቅማማ ወደ ሁለተኛው ግብ እዞራለሁ።