ቴረንስ ፊሸርን በቅደም ተከተል ማየት፦ የቀረጻና የኤዲቲንግ ልምምዴ እስካሁን

ሰላም ጓደኞች። ባለፈው «አንድ ዳይሬክተር ልምረጥና ሥራዎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ልያቸው» ብያችሁ ነበር። የመረጥኩት እንግሊዛዊውን ቴረንስ ፊሸርን ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በ«ድራኩላ» ነው፤ ክሪስቶፈር ሊ የተወነበት የ1958ቱ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል የሠራው በትንሽ ገንዘብ፣ በጥቂት ሳምንታትና በጠባብ ስቱዲዮ ነው። እኛም ያለን ይኸው ነው።

ስለ ፊሸር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን የፍራንከንስታይን ፊልሙን ከሠራበት ከ1957 ይጀምራል። ከዚያ በፊት የሠራቸው እንደ ማሟሻ ይታያሉ። በተራ ሳያቸው ግን የተረዳሁት ሌላ ነው። ዝነኛ ያደረጉት ፊልሞች ውስጥ ያለው ብልሃት ሁሉ ማንም በማያስታውሳቸው ትንንሽ ፊልሞችና በቴሌቪዥን ሥራው ላይ አለ። ይህንን ነው ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገው።

የተወለደው በ1904 ለንደን ነው። በወጣትነቱ የንግድ መርከብ ላይ ሠራ፤ ቀጥሎም ለንደን ውስጥ ትልቅ መደብር ገባ። ወደ ፊልም የመጣው በ1933 ነው፤ ሃያዎቹን ሊጨርስ ሲል። የጀመረውም ክላፐር (ቀረጻ ሲጀመር የሚመታውን ሰሌዳ) እየመታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኤዲተር ሆነ፤ ለአሥር ዓመት ያህልም የሌሎችን ፊልም ሲቆርጥና ሲቀጥል ኖረ። በ1945 መጨረሻ ወጥቶ በ1946 እንግሊዝ ውስጥ ከፍተኛ ገቢ ያገኘው የ«ዘ ዊክድ ሌዲ» ኤዲተር እሱ ነው። ዳይሬክተር ሲሆን አርባን አልፎ ነበር። መሃላችን «ጊዜው አልፎብኛል» የሚል ካለ ይህን ደግሞ ያንብበው።

ዳይሬክት ማድረግ የጀመረው ራንክ የሚባለው ትልቅ የፊልም ድርጅት አዳዲስ ሰዎችን በሚያሠለጥንበት በሃይበሪ ስቱዲዮ ነው። እዚያ የሚሠሩት ከዋናው ፊልም በፊት የሚታዩ አጫጭር ፊልሞች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ በ1948 የወጣውን «ቱ ዘ ፐብሊክ ዴንጀር»ን ብታገኙት ደጋግማችሁ እዩት። ጠጥቶ ስለማሽከርከር ነው። ርዝመቱ ሦስት ሩብ ሰዓት አይሞላም። አብዛኛው ታሪክ በአንድ መጠጥ ቤትና በአንድ መኪና ውስጥ ያልቃል። ያም ሆኖ ሰዎቹ እየሰከሩ ሲሄዱ የማየውን ሰው ልይዘውና ልጎትተው ያሰኘኛል። በዚያው ዓመት በወጣው «ኤ ሶንግ ፎር ቱሞሮ» ደግሞ ክሪስቶፈር ሊ ትንሽ ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ከአሥር ዓመት በኋላ አብረው ምን እንደሚሠሩ ሁለቱም አያውቁም።

በ1950 ከአንቶኒ ዳርንቦሮ ጋር «ሶ ሎንግ አት ዘ ፌር»ን ሠራ። ዲርክ ቦጋርድና ጂን ሲመንስ የሚተውኑበት ነው። በ1889 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ጊዜ አንዲት ልጅ ከወንድሟ ጋር ሆቴል ታርፋለች፤ ጠዋት ስትነሳ ወንድሟም የተኛበት ክፍልም የለም። የሆቴሉ ሰዎች ብቻሽን ነው የመጣሽው ይሏታል። በጣም የምወደው ፊልም ነው። ከዚህ በኋላ ሰውየው ወደ ትልልቅ ፊልሞች ይሸጋገራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ርካሾቹ ሄደ።

እዚህ ላይ የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ገበያ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሰው ትኬት ሲቆርጥ ሁለት ፊልም ያያል፤ አንድ ዋና፣ አንድ ደግሞ አጃቢ። በ1927 የወጣው ሕግ ሲኒማ ቤቶች የተወሰነ ያህል የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ስለዚህ አጭር፣ ርካሽና ቶሎ የሚደርስ የእንግሊዝ ፊልም ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። ሀመር የሚባለው ትንሽ ድርጅት ከአሜሪካዊው ሮበርት ሊፐርት ጋር ተስማማ። ሊፐርት ዝናቸው የቀዘቀዘ የሆሊዉድ ተዋንያን ይልካል፤ ፊልሙንም አሜሪካ ውስጥ ያከፋፍላል። ሀመር ደግሞ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ዊንዘር አጠገብ በሚገኘው ብሬይ በሚባል ቦታ ይቀርጻል። ብሬይ ስቱዲዮ ይባል እንጂ መነሻው አሮጌ የመኖሪያ ቤት ነው። ክፍሎቹን፣ ደረጃውን፣ ግቢውን፣ ሁሉን ለቀረጻ ይጠቀሙበታል።

ፊሸር በ1952 ለሀመር «ዘ ላስት ፔጅ»ንና «ስቶለን ፌስ»ን ሠራ። በ1953 «ፎር ሳይድድ ትራያንግል» መጣ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተከታትላችሁ እዩአቸው። በ«ስቶለን ፌስ» ሐኪሙ የሚወዳት ሴት ስትርቀው የሌላ ሴት ፊት በቀዶ ጥገና እሷን አስመስሎ ይሠራል። በ«ፎር ሳይድድ ትራያንግል» ደግሞ ሳይንቲስቱ ያጣትን ሴት በማሽን ያባዛታል። ያፈቀረውን ሰው በገዛ እጁ ልሥራ የሚል ሰውና የሚከተለው ጥፋት! ይህ ፍራንከንስታይን (ከሬሳ ሰው የሚሠራው የልብ ወለድ ሳይንቲስት) ካልሆነ ምንድን ነው? ታሪኩ እጁ ላይ የገባው ከ1957 አስቀድሞ ነው።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። የእንግሊዙ የንግድ ጣቢያ አይቲቪ በ1955 ሲከፈት «የሮቢን ሁድ ጀብዱዎች» የሚለው ተከታታይ ድራማ አብሮ ጀመረ። ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ግሪን ነው። ፊሸር በርካታ ክፍሎቹን ዳይሬክት አድርጓል። እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ፕሮዲዩሰሯ ሐና ዋይንስታይን በኮሙኒስትነት ተጠርጥረው ከሆሊዉድ ሥራ ለታገዱ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች በብዕር ስም ሥራ ትሰጥ ነበር። ከእነሱ አንዱ ሪንግ ላርድነር ጁኒየር ነው። ግፍ የደረሰባቸው ሰዎች ከባለጠጋ ቀምቶ ለድሃ ስለሚሰጥ ሽፍታ ሲጽፉ አስቡት። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን የዲኮሩ ነገር ነው። ፒተር ፕራውድ የሚባለው የዲኮር ባለሙያ የሠራቸውን ነገሮች ጎማ ላይ አቆማቸው። የግድግዳ ቁራጭ፣ ምድጃ፣ ደረጃ፣ የዛፍ ግንድ ሳይቀር እየተገፋ ይመጣል፤ እየተገፋ ይሄዳል። አንዱ ቤተ መንግሥት በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ይሆናል። ያንን ካወቅኩ በኋላ ክፍሎቹን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ፊሸር ክፍሉን በሙሉ አያሳይም። አንድ ጥግ ይመርጣል፤ ሰዎቹን እዚያ ጥግ ላይ በጥልቀት ይደረድራቸዋል፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ በር ላይ። ጥጉ ሰው ከሞላው ተመልካች ስለቀረው ክፍል አይጠይቅም። በሳሎናችን ሞክሬዋለሁ፤ በደንብ ይሠራል። ቴሌቪዥኑና ሶፋው ከፍሬም ውጭ ቀሩ፤ መጋረጃው፣ አንድ ወንበርና ሦስት ሰው ብቻ ቀረ። ቤቱን የማታውቅ ሴት ስታየው «የማን ቤት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በ1957 ሀመር «ዘ ከርስ ኦፍ ፍራንከንስታይን»ን በቀለም ሠራ። በጀቱ ወደ 65,000 ፓውንድ ነበር። የአሜሪካው ድርጅት ዩኒቨርሳል ድሮ የሠራውን የፍጡሩን ሜካፕ መቅዳት ስላልተቻለ አዲስ ፊት መፈጠር ነበረበት። ፊሸርም ትኩረቱን ከፍጡሩ ወደ ፈጣሪው አዞረ፤ ፒተር ኩሺንግ ወደሚጫወተው ባሮን ፍራንከንስታይን። አንድ ቦታ ባሮኑ ከስቅላት ላይ ካወረደው ሬሳ ጋር ሲሠራ ይቆይና እጁ ላይ ያለውን ደም በኮቱ ይጠርገዋል። ዞር ብሎም አያየውም። ስለ ሰውየው ማንነት ከዚህ በላይ የሚናገር ንግግር የለም። ወጪውም ምንም ነው።

አሁን ወደ «ድራኩላ» ልምጣ፤ ብዙ ጊዜዬን የወሰደው እሱ ነው።

በጀቱ ወደ 81,000 ፓውንድ ነው፤ ርዝመቱ 82 ደቂቃ። ጸሐፊው ጂሚ ሳንግስተር ፊልሙ ከተወሰደበት ልብ ወለድ ብዙ ነገር አወጣ። የመርከብ ጉዞው የለም። ወደ እንግሊዝ መሻገር የለም፤ ቦታዎቹ ሁሉ በሠረገላ የሚደረስባቸው ሆኑ። ኩሺንግ የሚጫወተው የድራኩላ አሳዳጅ ቫን ሄልሲንግ ደግሞ ቫምፓየር (ደም መጣጭ) ወደ ሌሊት ወፍና ተኩላ ይለወጣል የሚባለው የተሳሳተ እምነት ነው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። በቃ፤ የሌሊት ወፍ መሥራት ቀረ! እኔ ይህን በጣም አደንቃለሁ። ገንዘቡ የማይችለውን ነገር በታሪኩ ውስጥ ምክንያት ሰጥቶ አስወጣው፤ ፊልሙም ፈጠነ።

የዲኮር ባለሙያው በርናርድ ሮቢንሰን ነው። ያንኑ ቦታ ግድግዳ እያዞረ፣ ቀለም እየቀየረ፣ ዓምድ እየጨመረ ሌላ ያደርገዋል። «ድራኩላ» እንዳለቀ ወዲያው እነዚያኑ ግንባታዎች ለቀጣዩ የፍራንከንስታይን ፊልም ተጠቀሙባቸው። የካሜራ ባለሙያው ጃክ አሸር ነው፤ ጥላው ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ጣል ያደርጋል።

ልምምድ ያደረግኩበት ሲን ድራኩላ መጀመሪያ የሚታይበት ነው። ወደ ድራኩላ ቤተ መንግሥት የመጣው እንግዳ ሀርከር አዳራሹ ውስጥ ቆሟል። ቀና ሲል ደረጃው አናት ላይ ጥቁር ጥላ አለ። ፊት አይታይም። ሙዚቃው አስጨናቂ ነው። ከዚያ ጥላው በፍጥነት ደረጃውን ይወርድና ወደ ካሜራው እየቀረበ ይመጣል፤ ፊቱ ስክሪኑን ሲሞላ መልከ መልካም፣ ጨዋ ሰው ሆኖ ይገኛል። በትሕትና ሰላምታ ይሰጣል። እንድንፈራ አዘጋጅቶን ሲያበቃ ጨዋነት ይሰጠናል። ኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያው ፊት አፉ ደም፣ ዓይኑ ቀይ ሆኖ በድንገት ሲመጣ መደንገጡ እጥፍ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህንን በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ በስልክ ቀረጽኩት። ጓደኛዬ ወረደ። አንደኛው አሠራር ከሩቅ ሾት ወደ ክሎዝ አፕ (ፊት ብቻ ወደሚታይበት ሾት) በካት፣ ማለትም ሾቱን ቆርጦ በመቀየር፣ መሄድ ነው። ሌላው ካሜራውን ሳላንቀሳቅስ ሰውየው ራሱ እየሄደ ወደ ክሎዝ አፕ እንዲገባ ማድረግ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በካት ሲሆን መረጃ ብቻ ነው። ሰውየው ሲመጣ ግን ተመልካች ቦታውን ለቆ መሸሽ ያምረዋል። ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ ሾት ማለት መብራት እንደገና ማስተካከል ነው፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይበላል። በአንድ ሾት ሁለት መጠን ካገኘህ ግማሽ ሰዓት ተረፈህ። አሥር ዓመት ኤዲት ሲያደርግ የኖረ ሰው የትኛው ካት እንደሚያስፈልግና የትኛው እንደማያስፈልግ ቀድሞ ያውቃል፤ ፊሸር ላይ የሚታየኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ልምምዴ ድራኩላ የሚመጣባት የሉሲ መኝታ ክፍል ነው። መስቀሏን ከአንገቷ ታወልቃለች፣ የበረንዳውን በር ትከፍታለች፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ትጠብቃለች። ውጭ የደረቀ ቅጠል በነፋስ ይሽከረከራል። ካሜራው ወደ በሩ ይመለሳል፤ ማንም የለም። እንደገና ይመለሳል። ከዚያ ድራኩላ እዚያ ቆሟል። ንግግር የለም። የከፈተችው እሷ ናት፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። እዚህ የባዶውን በር ሾት ርዝመት እየቀያየርኩ ኤዲት አደረግኩ። ትንሽ ከምቾት በላይ ሲቆይ ይሻላል።

መጨረሻው ላይ ኩሺንግ ጠረጴዛው ላይ ሮጦ መጋረጃውን ተንጠልጥሎ ሲቀድደው ጸሐይ ይገባል፤ ሁለት የሻማ መቅረዝ አጋጥሞም መስቀል ይሠራል። ሐሳቡን ያመጣው ኩሺንግ ራሱ ነው። ዳይሬክተሩ ጥሩ ተዋናይ ሲናገር ሰማ ማለት ነው።

የ1960ዎቹን በፍጥነት ልለፍ። የ1962ቱ «ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» ገቢው ስላላረካ ከሀመር ለጥቂት ጊዜ ራቀ። ጀርመን ሄዶ ሠራ፤ ለሊፐርት በጥቁርና ነጭ «ዘ ኧርዝ ዳይስ ስክሪሚንግ»ን ሠራ። እሱም አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ባዶ የእንግሊዝ መንደርና በዝግታ የሚራመዱ ሮቦቶች። መጀመሪያው ላይ ሰው ሁሉ ባለበት ሲወድቅ የሚታይበት ክፍል ንግግር የለውም፤ እሱን ብቻ ለማየት ይበቃል።

«ዘ ዴቪል ራይድስ አውት» (1968) ላይ ግን እንቁም። ክሪስቶፈር ሊ በዚህ ጥሩው ሰው ነው። አራት ሰዎች ወለል ላይ በጠመኔ በተሠራ ክብ ውስጥ ሌሊቱን ያሳልፋሉ። ከክቡ ከወጡ ይጠፋሉ። የፊልሙ ልዩ ኢፌክቶች ዛሬ ደካማ ናቸው፤ ሸረሪቷም አታስፈራም። የሚያስፈራው ውሃ የጠማው ሰው፣ በር የሚያንኳኳ የወዳጅ ድምፅ፣ የማያምን ሰው ትዕግሥት ማጣት ነው። ክፍል፣ ጠመኔ፣ አራት ተዋናይ። ይህን ያህል ለማድረግ ማናችንም አቅም አናጣም።

በዚያው ዓመት መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረና የተመደበለትን የድራኩላ ፊልም ፍሬዲ ፍራንሲስ ሠራው። የመጨረሻ ሥራው «ፍራንከንስታይን ኤንድ ዘ ሞንስተር ፍሮም ሄል» በ1972 ተቀርጾ በ1974 ወጣ። ታሪኩ ያለው በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ነው። ኩሺንግ አርጅቷል፣ ዲኮሩም የድሃ ነው። ባሮኑ እጁ ተቃጥሏል፤ ቀዶ ጥገናውን በሌላ ሰው እጅ ያሠራል። ፊሸር በ1980 ዐረፈ።

ቀጥሎ የማደርገው የክቡን ሲን በሳሎን መቅረጽ ነው። ስክሪፕቱን ጽፌያለሁ፤ ከአምስት ገጽ አይበልጥም። አራት ሰው እፈልጋለሁ፤ አንዱ የማያምነውን ይጫወታል፣ እሱም ከሁሉ ይከብዳል። ቅዳሜ ማታ የሚመቻችሁ ንገሩኝ። ጠመኔና መብራት ከእኔ ነው፤ ድምፅ የሚቀዳ ማይክ ያለው ካለ ይዞ ይምጣ።