ባንዳኒ ሳሪ እንዴት መርጬ ገዛሁ

ህንድ አገር፣ ጉጃራት ግዛት፣ አህመዳባድ ከተማ ውስጥ ሳሪ (ሴቶች ሰውነታቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ረጅም ጨርቅ) ልትገዙ ከወጣችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጨርቁን ዳስሱት። እኔ የገዛሁት ባንዳኒ የሚባለውን ነው። እየተቋጠረ የሚቀለም የሐር ሳሪ ነው፤ ጠርዙና ጫፉ በወርቃማ ክር ተሸምኗል። የፈለግኩት ለጓደኛዬ ሰርግ ነበር። አብራኝ የምትማር የጉጃራት ልጅ ናት።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጋርቾላ በሚባለው ሳሪ ላይ ነው። ቀይ ነው፣ ያምራል። ወርቃማው ክር ጨርቁን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። በየክፍሉ ደግሞ በነጠብጣብ የተሠራ ዝሆን፣ አበባ ወይም በቀቀን አለ። የታወቁት 12 ወይም 52 ክፍል ያላቸው ናቸው። ለጓደኛዬ እናት ስነግራቸው ግን ሳቁ። «እሱ የሙሽራ ነው ልጄ» አሉኝ። በእነሱ ደንብ ፓኔታር የሚባለውን ነጭና ቀይ ሳሪ ለሙሽራዋ የሚሰጣት የእናቷ ወንድም ነው። ጋርቾላው የሚመጣው ከባሏ ቤት ነው። በሰው ሰርግ ሙሽራ መምሰል እኛም አገር አያስመሰግንም፤ ተውኩት።

የጓደኛዬ ቤተሰብ አገር ጃምናጋር የምትባለው የጉጃራት ከተማ ስለሆነች ሥራውን በቅርብ ለማየት ዕድል አገኘሁ። ቋጠሮውን የሚቋጥሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው። ያየኋት ሴት ጨርቁን አራት እጥፍ አድርጋ ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ንድፉ ቀድሞ በሚታጠብ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። የትንሿ ጣቷን ጥፍር አሳድጋለች። በጥፍሯ ከታች ጨርቁን ቆንጠር አድርጋ ታነሳለች፣ ክሩን ጠምጠም ጠምጠም፣ ጠበቅ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ክሩን በመሃል አትቆርጠውም። በቀጭን ቱቦ ውስጥ እያለፈ ከአንዱ ቋጠሮ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዱ ነጥብ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። አንድ ሳሪ ላይ እንዲህ ያለው ቋጠሮ በሺዎች ይቆጠራል። የሚከፈላቸውም በቋጠሮ ቁጥር ነው፤ የሳሪውን ዋጋ የሚሰቅለውም ይኸው ነው። እኔ ጥቂት ደቂቃ አይቼ አንገቴን አመመኝ።

ማቅለሙ ከደማቁ አይጀምርም። ነጭ ሆኖ የሚቀረው ይቋጠርና ጨርቁ ቢጫ ውስጥ ይገባል። ቢጫ እንዲሆን የሚፈለገው ደግሞ ይቋጠርና ቀይ ውስጥ ይነከራል። ጃምናጋር በቀዩ የታወቀች ናት፤ ሰዎቿ ምስጋናውን ለውሃው ይሰጣሉ። በመጨረሻ ሁለት ሰው ጨርቁን ግራና ቀኝ ይዞ ሳብ ሲያደርገው ክሩ ተር ተር እያለ ይፈታል፣ ነጥቦቹም ብቅ ይላሉ።

ይህን ካየሁ በኋላ ገበያ መውጣት ቀለለኝ። የሄድኩት አህመዳባድ አሮጌው ከተማ ውስጥ ወዳለው ዳልጋርዋድ ገበያ ነው፣ ቲን ዳርዋዛ ከሚባለው ባለ ሦስት ቅስት በር አቅራቢያ። ፎርጅዱ ብዙ ነው። በማሽን የታተመው ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ጨርቁም ልሙጥ ነው። ሲገለብጡት ጀርባው ብዙ ጊዜ ፈዘዝ ይላል። በእጅ የተቋጠረው ግን ይሻክራል፣ ነጥቡ ካንዱ አንዱ ይለያል፣ ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ ጠብታ የምታህል ቀለም አላቸው። እንደተቋጠረ የሚሸጥም አለ። እኔ የወሰድኩት ከፊሉ ያልተፈታውን ነው። ሻጩ ፊቴ ሳብ አድርጎ ፈታልኝ፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

የወርቃማው ክር ጉዳይ ሌላ ነው። እኛ ለካባና ለቀሚስ የምንጠቀምበትን ሙካሽ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እነሱ ዛሪ ይሉታል፣ በብዛት የሚሠራውም ሱራት በምትባለው የጉጃራት ከተማ ነው። የጥንቱ በሐር ክር ላይ የተጠመጠመ ብር ሆኖ በወርቅ የተለበጠ ነበር። አሁን ብዙው መዳብ ነው፣ ወይም ፕላስቲክ። ሻጩን በግልጽ «ብር ነው፣ መዳብ ነው ወይስ ፕላስቲክ?» አልኩት። «መዳብ» አለኝ ሳያቅማማ። ከጫፉ የተንጠለጠለች ክር ቆርጦ በክብሪት ለኮሳት፤ ፕላስቲክ ቢሆን ቀልጦ ይድቦለቦል ነበር። በቋንቋቸው «ባይ» (ወንድሜ) እያልኩ ጥቂት አስቀነስኩት። ብዙም አልተጨቃጨቅኩም፤ የዚያች ሴት ጣቶች ዓይኔ ላይ ነበሩ።

አለባበሱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ ቦታ የሳሪው ጫፍ በግራ ትከሻ ወደ ኋላ ይለቀቃል። ጉጃራቶች ግን ከኋላ በቀኝ ትከሻ አምጥተው ደረታቸው ላይ ይዘረጉታል፣ ጥጉን ግራ ወገባቸው ላይ ይሸጉጡታል። ሳሪው የሚያምረው ጫፉ ላይ ስለሆነ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። አለዚያማ ያ ሁሉ ወርቅ ከኋላችሁ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

አያያዙን የተማርኩት ከጓደኛዬ እናት ነው። ሳሪውን ልተኩሰው ስል እጄን ያዙኝ ማለት ይቻላል። ካውያ ያንን መሻከር ልሙጥ ያደርገዋል፤ የታተመ ይመስልባችኋል። ውሃም አይነካውም፣ ደረቅ እጥበት ነው። ማንጠልጠያ ላይ አይሰቀል፣ ወርቃማው ጠርዝ ይከብዳልና ሐሩን ይጎትተዋል። በስስ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ አልፎ አልፎ እያወጣችሁ እጥፉን ቀይሩለት፣ አለዚያ ክሩ እጥፉ ላይ ይሰበራል። ሽቶ ደግሞ ሳሪውን ከመልበሳችሁ በፊት ተቀቡ፣ ዛሪውን ያጠቁረዋል።