ልጄን ዲሲ ውስጥ በዕጣ ትምህርት ቤት ያስገባሁበት መንገድ

«ቻርተር ትምህርት ቤት የሀብታም ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አይደለም። ክፍያ የለውም። በመንግሥት በጀት ነው የሚሠራው፤ የሚመራው ግን በራሱ ቦርድ ነው። ከተማው ለተማሪ የሚመድበው ገንዘብ ልጁ ወደሚማርበት ይሄዳል፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚለምድ ልጅ ደግሞ ተጨማሪ አለው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሕዝብ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ ቻርተር ውስጥ ናቸው።

ቦታ የሚገኘው በዕጣ ነው፤ ማመልከቻው ማይ ስኩል ዲሲ የሚባል አንድ ቅጽ ነው። ዲሴምበር ላይ ይከፈታል፣ ለትንንሾቹ ማርች መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። ለፕሪኬ 3፣ ማለትም ለሦስት ዓመት ልጆች ክፍል፣ ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት መሙላት አለበት። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ትሞላላችሁ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ። በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ የሰጠን መብት ስለሆነ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ቅደም ተከተሉ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። «ያኛው አይገኝም፣ የሚገኘውን አንደኛ ላድርግ» ይላሉ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ! አንደኛ ስላላችሁት ዕጣው አያዳላላችሁም። ከልብ የምትፈልጉትን ከላይ አድርጉ። አንዱ ከወጣላችሁ ከእሱ በላይ የጻፋችኋቸው ላይ ተጠባባቂ ትሆናላችሁ፣ ከእሱ በታች ያሉት ግን ይሰረዛሉ።

ልጄ አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹን ስጎበኝ ዓይኔ ሕንጻው ላይ አልነበረም። አንዱ ጋ ርእሰ መምህሯን «ከአምና መምህራን ስንቱ አሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው ወሬ ቀየሩ። ሌላው ጋ ረዳት መምህሯ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ልጅ ውሃ የሚለውን ቃል እስኪያወጣ ስትጠብቀው አየሁ። ኮዳው እጇ ላይ ነው፣ አልቸኮለችም። ያንን ትምህርት ቤት አንደኛ ላይ ጻፍኩት።

ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የግል ትምህርት ቤት የሚከፍል፣ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ኦፖርቹኒቲ ስኮላርሺፕም አለ። ጥሩ ዕድል ነው፣ የተጠቀሙበትን አውቃለሁ። እኔ የተውኩት በልጄ ምክንያት ነው። አይኢፒ የሚሉት የልዩ ድጋፍ ዕቅድ የሕዝብ ትምህርት ቤትን፣ ቻርተርንም ጨምሮ፣ በሕግ ያስገድዳል። የግል ትምህርት ቤት ውስጥ እንደዚያ አይከተላትም። ልጁ ድጋፍ የሚፈልግ ወላጅ ይህን ሳይጠይቅ አይፈርም።

የወጣልን ሁለተኛ ያልነው ነው። ተመዘገብን፣ አንደኛው ላይም ተጠባባቂ ሆነን ቀጠልን፤ ክረምቱ መጨረሻ ላይ ተደወለልንና ተዛወረች።

ምዝገባ ላይ የሚያንገላታው የነዋሪነት ማስረጃ ነው። የዲሲ ግብር የተቆረጠበት የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት ካለ ብቻውን ይበቃል። ኡበር ለሚነዳ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። የኪራይ ውልና የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የመብራት ቢል፣ የዲሲ መንጃ ፈቃድ ቀደም ብላችሁ በስማችሁ አዘጋጁ። ዘመድ ቤት ቤዝመንት የምትኖሩ ደግሞ ትምህርት ቤቱን አስቀድማችሁ አማክሩ።

መንገዱንም አስቡበት። አብዛኞቹ ቻርተሮች ቢጫ አውቶቡስ የላቸውም፣ ጠዋት ከሥራ በፊት ማድረስ የእናንተ ነው።

ዕጣው ባይወጣላችሁም ከኪንደርጋርተን ጀምሮ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ልጃችሁን የመቀበል ግዴታ አለበት፤ ለዚያ ዕጣ አያስፈልግም።