ቁራው ያልቀመሰው ምግብ

ትናንት የዕረፍት ቀኔ ነበር። ልብሴን አጥቤ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ እተኛለሁ ብዬ ነበር። ሳልተኛ መሸ። አንድ ፊልም ሁለት ጊዜ አየሁ።

ፊልሙን የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራ ሕንዳዊ ነው። እዚህ ዱባይ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምንሠራው። እሱ ማሽኑ ላይ፣ እኔ መተኮሻው ላይ። አገሩ ቴላንጋና የሚባል የደቡብ ሕንድ ግዛት ነው፣ ካሪምናጋር ከተማ አካባቢ። «አና» ነው የምለው። በቋንቋቸው፣ በቴሉጉ፣ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ባለፈው ወር ስልኬ ላይ የአያቴን ፎቶ አየና «ስታርፍ ነበርሽ?» አለኝ። አልነበርኩም። እሱም ለአባቱ ቀብር አልደረሰም። ትንሽ ዝም ብሎ «ባላጋምን እዪው፤ የእኛ ሰፈር ነው» አለኝ።

ባላጋም ማለት ዘመድ አዝማድ፣ ወገን እንደማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ዳይሬክተሩ ቬኑ ዬልዳንዲ ከዚያ በፊት በኮሜዲ ነበር የሚታወቀው። አና እንደነገረኝ የቴላንጋና አነጋገር በድሮ የቴሉጉ ፊልሞች ለማሳቂያ ወይ ለወሮበላ ነበር የሚሰጠው። እዚህ ግን ሁሉም ሰው በዚያው ይናገራል፣ በዚያው ያለቅሳል። እሱን ሲነግረኝ ፊቱ በራ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኮሙራያ የሚባሉ ሽማግሌ መንደራቸው ውስጥ ይሞታሉ። የልጅ ልጃቸው ሳይሉ ዕዳ አንገቱ ድረስ ደርሷል። ቀለበት ሊያስር ጥቂት ቀን ነው የቀረው። እዚያ አገር ገንዘብ የሚሰጠው የሴቷ ቤተሰብ ስለሆነ ዕዳውን በዚያ ሊከፍል አስቧል። አያቱ ሲሞቱ የደነገጠው ለቀለበቱ ነው። መጀመሪያ ጠላሁት። በኋላ ግን አዘንኩለት፤ ዕዳ ያለበት ሰው ለቅሶም በደንብ አያለቅስም።

ከቀብሩ በኋላ የሚመጣው ነው የያዘኝ። በሦስተኛው ቀን ሟቹ የሚወዱት ምግብ ተሠርቶ በቅጠል ላይ ይቀመጥላቸዋል። ሁሉም ራቅ ብሎ ይቆማል። ቁራ መጥቶ ከቀመሰ ነፍሳቸው ረክታለች ማለት ነው። ካልቀመሰ የከነከናቸው ነገር አለ። ቁራው ዝር አይልም። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። የመጨረሻው የሐዘን ሥርዓት የሚደረግበት አሥራ አንደኛው ቀን እየቀረበ ነው፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ነገሩ ውስጥ ይገባሉ። እኛም ሰልስት አለን፣ አርባ አለን። ግን ለሟቹ ደስ ይበለው አይበለው ቁጭ ብለን አንጠብቅም። እነሱ ይጠብቃሉ። ይሄ አንጀቴን በላው።

ቤተሰቡ የተበተነው ደግሞ በአጥንት ነው። የሽማግሌው ሴት ልጅ የላችሚ ባል ናራያና አማቾቹ ቤት ሲበላ መቅኔ ያለው አጥንት ሳይደርሰው ይቀራል። በዚያ ተኳርፈው ሃያ ዓመት ያህል ቤቱ አልረገጠም፣ ሚስቱም አባቷን አልጠየቀች። የሌላ አገር ሰው ይሄን አይቶ ሊስቅ ይችላል። እኔ አልሳቅሁም። ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ እያየ ያደገ ልጅ አጥንቱ ገብቶታል። ናራያና የፈለገው መቅኔውን አይመስለኝም። ከማዕድ የተነሣ ሰው ማን ተከትሎት እንደሚወጣ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር ከበደኝ፤ አልደብቅም። ሳይሉ ዓይኑን የላችሚ ልጅ ላይ ይጥላል። የአክስቱ ልጅ ናት! እኛ ሰባት ቤት እየቆጠርን ነው ያደግነው። አናን ስጠይቀው እንደ ነውር አላየውም። የአባት እህት ልጅ ወይም የእናት ወንድም ልጅ እነሱ ዘንድ የሚገባ ጋብቻ ነው። እንዲያውም የተራራቀ ቤት የሚገናኘው በዚያ ነው አለኝ። ሁለተኛ ሳየው ልጅቷ ስትገባ የሁሉም ፊት ለምን እንደሚለወጥ ገባኝ።

መጨረሻው አካባቢ አንድ ባልና ሚስት መጥተው ይዘፍናሉ። የሟቹን ሕይወት ለልጆቹ መልሰው ይነግሯቸዋል፤ እንደ እኛ አልቃሽ። ሞጊላያና ኮሙራማ ይባላሉ። በእውነትም ባልና ሚስት ናቸው፤ በየመንደሩ እየዞሩ የሚዘፍኑ እንጂ ለፊልም ብለው የተማሩት አይደለም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አርፏል። ድምፁ ሸካራ ነው። ካሜራው ሳይቸኩል ላችሚና ወንድሟ ላይ ይቆያል። መጀመሪያ የሚሰበረው ፊት አይደለም፤ ትከሻ ነው። እኔም እዚያ ላይ ነው ያቃተኝ።

የቴላንጋና መንደሮች ፊልሙን ደጅ ላይ ስክሪን ዘርግተው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሕፃን ታቅፈው ነው ያዩት። አና የእህቱ ልጅ የላከለትን ቪዲዮ አሳየኝ። ስክሪኑ አይታይም፤ የሚታየው የሚያየው ሰው ነው። አሮጊቶቹ ነጠላ በሚመስል የሳሪያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

አባቴና አጎቴ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። በአያቴ ተዝካር ቀን አጎቴ ከሩቅ መጥቶ ዘግይቶ ደረሰ። ሳይጠብቁት ፍትሐቱ አልቆ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ተነሥቶ ነበር። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ አየና ሳይቀመጥ ተመለሰ። እኔ የሰማሁት በስልክ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ጸቡ የመሬት ይመስለኝ ነበር።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ፊልሙ አልነገርኩትም። «አባዬ፣ ያን ቀን አጎቴን ተከትሎ የወጣ ሰው ነበር?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አልኩ። «እንግዳ ነበረብኝ እኮ፣ ልጄ» አለኝ። ትንሽ ቆየና «እየሄደ ዞር ብሎ አይቶ ነበር» አለ።

የአጎቴን ቁጥር ከአክስቴ ተቀብያለሁ። ነገ ፈረቃዬ የማታ ስለሆነ ጠዋት እደውልለታለሁ።