ስለ መዋለድ ሳላፍር ማስተማር የቻልኩት እንዴት ነው

ማስተማር ስጀምር፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት፣ የሥርዓተ ርቢን ምዕራፍ በአንድ ክፍለ ጊዜ ነበር የምጨርሰው። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ የክፍሎቹን ስም እጽፋለሁ፣ «ገልብጡ» እላለሁ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሳሳቃሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ደወሉን እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ «ቲቸር፣ ደም እየፈሰሰኝ ነው፣ ልሞት ነው መሰለኝ» አለችኝ። የወር አበባዋ ነበር። ምዕራፉን ካስተማርኳት 2 ሳምንት አልሞላም። ፈተናው ላይ «የወር አበባ ምንድን ነው?» ለሚለው ትክክለኛውን መልስ ጽፋለች። ግን ሰሌዳው ላይ የነበረው ቃልና ገላዋ ላይ የመጣው ነገር አንድ መሆናቸውን የነገራት ሰው የለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ከሰው አልጀመርኩም። ለየቡድኑ አንድ ጥሬ የዶሮ እንቁላልና አንድ ሳህን ሰጠሁ። «ስበሩትና አስኳሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ፈልጉ» አልኳቸው። ጫጩት የሚጀምረው ከዚያች ነጥብ ነው። እንቁላሉ ካልዳበረ፣ ማለትም ከአውራው ዘር ጋር ካልተዋሃደ፣ ነጥቧ ትንሽና ድፍን ናት፤ ከዳበረ ግን ሰፋ ብላ ቀለበት ትመስላለች። እጃቸው ሥራ ስለያዘ ነው መሰለኝ፣ እፍረቱ ወዲያው ቀለለ። ጥያቄ መዝነብ ጀመረ። ዶሮ ያለ አውራ እንዴት ትጥላለች? ትጥላለች፣ አይፈለፈልም እንጂ። አውራው ሰርሯት ከሄደ በኋላስ? እዚህ ጋ እኔን ሁሌም የሚገርመኝን ነገርኳቸው። ዶሮዋ የአውራውን ዘር ውስጧ ባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች አስቀምጣ ትይዛለች፣ ከአንድ ጊዜ ግንኙነት በኋላም ለ2 ሳምንት ያህል የዳበረ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ከዶሮ ወደ ዓሣ ሄድን። የባሕር ፈረስን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሴቷ እንቁላሏን ወንዱ ሆድ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ታስቀምጣለች፣ አርግዞ የሚወልደው እሱ ነው። ክላውንፊሽ የሚባሉት ዓሦች ደግሞ አብረው ከሚኖሩት ውስጥ ትልቋ ሴት ስትሞት ዋናው ወንድ ራሱ ወደ ሴትነት ይቀየራል።

ቀጥሎ የስፓላንዛኒን ሙከራ ተረኩላቸው። ጣልያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለወንድ እንቁራሪቶች ትንንሽ ሱሪ ሰፍቶ አለበሳቸው። ሱሪ የለበሱት ከሴቶቹ ጋር ቢጣበቁም እንቁላሎቹ አልዳበሩም። ሱሪው ላይ የቀረውን ፈሳሽ ወስዶ እንቁላል ሲያስነካ ግን ዳበሩ። እንዲህም ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ የሚዋኙት ዘሮች ዋናው ነገር ናቸው ብሎ አልተቀበለም። ማስረጃው እጁ ላይ ነበር። ይህን የምነግራቸው መሳሳት የሳይንስ አንድ አካል መሆኑን እንዲያዩ ብዬ ነው፤ እኔም ብዙ ተሳስቻለሁና።

ትልቁ ስህተቴ ያን ዓመት ፈተና ሳርም ታየኝ። ስለ ባሕር ፈረስ ሁሉም አውቋል። «ሴት ልጅ ማርገዝ የምትችለው በየትኞቹ ቀናት ነው?» የሚለውን ግን አብዛኞቹ «የወር አበባዋ ላይ ስትሆን» ብለው መለሱ። አንብቤ ደነገጥኩ። ለካ እንስሳቱን መሸሸጊያ አድርጌያቸዋለሁ! ስለ ዓሣ 4 ቀን አውርቼ ስለ ሰው ለማውራት የቀረኝ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር።

ስለዚህ እንደገና ሠራሁት። እንስሳቱን 1 ቀን፣ ሰውን 5 ቀን አደረግኩ። ከክፍል በፊት ቤቴ ቆሜ ብልት፣ ማህፀን፣ እንቁልጢ (የሴቷ እንቁላል የሚዘጋጅበት)፣ የዘር ፍሬ እያልኩ ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። አፌ ሲለምደው የተማሪዎቹም ጆሮ ለመደው። በሩ አጠገብ ደግሞ የካርቶን ሳጥን አስቀመጥኩ፤ ስም ሳይጻፍ ጥያቄ ይገባበታል፣ ሁሌ ጠዋት እከፍታለሁ። ሁሉም ሰው በየቀኑ ወረቀት ያስገባል፣ ጥያቄ የሌለው ባዶ ወረቀት ያስገባል። ይህቺ ትንሽ ዘዴ ብዙ ረድታኛለች፣ ምክንያቱም ወረቀት ሲያስገባ የታየ ልጅ «ጥያቄ አለው» ተብሎ አይሳቅበትም።

የቀናቱን ነገር አሁን በጣም በዝግታ ነው የማስረዳው። እንቁላሏ ከእንቁልጢ ከወጣች በኋላ የምትቆየው ቢበዛ 1 ቀን ነው። የወንድ ዘር ግን ሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንቁላሏ ከመውጣቷ በፊት ያሉት 5 ቀናትና የወጣችበት ቀን፣ በጠቅላላው 6 ቀን ገደማ ማርገዝ ይቻላል። እንቁላሏ የምትወጣው ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 2 ሳምንት አካባቢ ሲቀረው ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት 14ኛው ቀን አካባቢ፣ 35 ቀን የሆነ ደግሞ 21ኛው አካባቢ ማለት ነው። ዑደት ደግሞ ይዛባል፣ በተለይ በዚህ ዕድሜ። ስለዚህ ቀን በመቁጠር ብቻ እርግዝናን መከላከል አስተማማኝ እንዳልሆነ ሳልናገር ከክፍል አልወጣም።

ሌላው ያረምኩት የሩጫውን ተረት ነው። «ሚሊዮኖች ይሮጣሉ፣ ጎበዙ ያሸንፋል፣ እናንተ ያ ጎበዝ ናችሁ» እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ደስ ይላል ግን ልክ አይደለም። ዘሩ ገና እንደገባ እንቁላል ማዳበር እንኳን አይችልም። ሴቷ ሰውነት ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ መለወጥ አለበት። ይህን ሚን ቹ ቻንግና ኮሊን ኦስቲን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1951 ለየብቻ ነው የደረሱበት። የማህፀን ጡንቻዎች መኮማተር ወደፊት ይገፋዋል፣ እንቁላሏን የከበቧት ሴሎች በኬሚካል ይጠሩታል፣ አንዱ ከገባ በኋላ ደግሞ ሽፋኗ ተለውጦ ሌሎቹን ይዘጋል። ቀድሞ የደረሰው ነው የሚገባው የሚባል ነገር የለም። እንቁላሏ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ሽልማት ተደርጋ ስትሳል ሴቶቹ ተማሪዎች ምን ይሰማቸው እንደነበር ያሰብኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

አንድ ጊዜ ከሳጥኑ ይህ ወጣ፦ «ወንድ አንበሳ የሌላውን ግልገሎች ይገድላል። ተፈጥሮ ከሆነ ምን ችግር አለው?» አዎ፣ መንጋውን የተቆጣጠረ አዲስ ወንድ ግልገሎቹን ሊገድል ይችላል፣ እናቶቹም ቶሎ ለመራባት ይደርሳሉ። ይህ የሆነውን ይነግረናል እንጂ እኛ ምን ማድረግ እንዳለብን አይነግረንም። የባሕር ፈረስን አይቶ ወንዶች ይውለዱ የሚል እንደሌለ ሁሉ፣ አንበሳን አይቶ ጭካኔን ማጽደቅ አይቻልም አልኳቸው። ስለዚህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ አወራን።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ደግሞ እንዲህ የሚል ወረቀት አገኘሁ፦ «አባቴ ሴት ብቻ ወለድሽ እያለ እናቴን ይሰድባታል። ጥፋቱ የእሷ ነው?»

ያን ቀን ሌላ ትምህርት አላስተማርኩም። በዶሮ ጫጩቷ ሴት ትሁን ወንድ የሚወስነው የእናትየው እንቁላል ነው። በአዞ የጎጆው ሙቀት ነው። በሰው ደግሞ ጾታን ከሚወስኑት ክሮሞዞሞች (በሴል ውስጥ ውርስ የሚሸከሙ ክሮች) እናት ሁልጊዜ የምትሰጠው ኤክስን ነው፣ ኤክስ ወይም ዋይ የሚመጣው ከአባት ዘር ነው፤ ኤክስ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ ይሆናል። አባትም መርጦ አይሰጥም፣ በዕድል የሚሆን ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኔቲ ስቲቨንስ በ1905 በጥንዚዛ እጭ ላይ ያየችው ይህንኑ ነበር፦ ልዩነቱን ይዞ የሚመጣው የወንዱ ዘር ነው።

ሥዕሉን በንጹሕ ወረቀት፣ ሳይንስ ያልተማረ ሰውም እንዲገባው አድርጌ ሳልኩት። ጥያቄው የማን እንደሆነ ስለማላውቅ 20 ኮፒ አድርጌ ሳጥኑ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ የፈለገ ይውሰድ ብዬ። ከሰዓት ስመለስ የቀሩት 3 ነበሩ።