የበጎቹስ ነገር?

ዐቃቤ ሕግ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቦታው መንዝ ነው። ወረዳውን ተዉት፤ ጠዋት ጠዋት እስክሪብቶ በትንፋሽ ካላሞቁት የማይጽፍበት አገር ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

በዚያ ዓመት የበግ ሌባ በዝቶ ነበር። መንዝ ውስጥ በግ ሥጋ ብቻ አይደለም። ባናውም፣ በርኖሱም፣ የልጅ ደብተሩም፣ የማዳበሪያ ዕዳውም ከሷ ነው የሚወጣው። አንድ ሌሊት ባል የሞተባቸው የአንዲት እናት ጋጥ ተከፍቶ አሥራ አንድ በግ ሲነዳ አገሩ ተሸበረ። ሦስት ጎረምሶች ተያዙ። አራቱ በጎች ተገኙ። ሰባቱ ገበያ ወጥተዋል፤ ከገበያ ወዲያ ያለውን ድስቱ ያውቃል።

የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። እኔ የሄድኩት "የሕግ ግንዛቤ" ልሰጥ ነበር። ማን ሊሰማ! በርኖስ የደረቡ አንድ አዛውንት ብድግ አሉ። "ድሮ አውጫጭኝ ነበር። አገር ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ንቅንቅ የሚል የለም። እናንተ ትይዛላችሁ፣ በሳምንቱ ገበያ ላይ 'እንደምን ዋልክ' እንባባላለን።" አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዋስትና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተሰጠ መብት ነው ስል ከኋላ ያለው ሰው ሳቀብኝ።

ወሬው ወደ ሱስ ዞረ። "ጫት ቤት ይዘጋ!" "ሀሺሽም ገብቷል አሉ!" ጫት በሕግ አልተከለከለም፣ ሀሺሽ መሸጥ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 መነሻው አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው አልኩ። ይህንን ባልል ይሻል ነበር። "ለቅጠል አምስት ከሆነ ለአሥራ አንድ በግ ሃያ ይግባ!" አለ አንዱ ከበሩ ላይ። አረቄን ያነሳ አንድም ሰው የለም። ልጆቹ ግን ያን ሌሊት ወደ ጋጡ የሄዱት ከአረቄ ቤት ተነስተው ነው፤ መዝገቡ ላይ አለ። አረቄ አውጪዎቹ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አብረው ያጨበጭባሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አጣሁ። ቡና ስጠጣ "ስንት ዓመት?" ፀጉር ስቆረጥ "ስንት ዓመት?" አከራዬ እንኳ ቁልፍ ሲያቀብሉኝ "ልጄ፣ ከአሥር እንዳታወርድ" አሉኝ።

ክሱ በቡድን የተፈጸመ ከባድ ስርቆት ነው፤ አንቀጽ 669፣ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ዓመት። ልጆቹ ድርጊቱን አመኑ። ጥፋተኛ ተባሉ። ቀጥሎ የቅጣት አስተያየት መጻፍ የኔ ድርሻ ነው። ማታ በሻማ (መብራት ጠፍቷል፣ እንደ ወትሮው) ማክበጃዎቼን ደረደርኩ። በሌሊት ነው፤ በቡድን ነው፤ ሕዝቡ በእጅጉ ተቆጥቷል። ሳነበው ለራሴ ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ያን ወረቀት የጻፍኩት ለዳኛው አልነበረም፤ ለአዳራሹ ነበር።

ዳኛው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። "ዐቃቤ ሕግ፣ በቡድን መሆኑ እኮ ክሱን ራሱን ያከበደው ነገር ነው። ስንቴ ነው የምንቆጥረው?" ዝም አልኩ። "ሕዝቡ ተቆጥቷል የሚለውስ የትኛው አንቀጽ ላይ ነው ያገኘኸው?" ጆሮዬ ድረስ ጋለ። አንዱን ነገር ሁለቴ መቁጠር እንደማይቻል አንቀጽ 84 ራሱ ይናገራል። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ።

ሌሊቱ ብቻ ተያዘልኝ። በሌላ በኩል ማመናቸውና የቀድሞ ጥፋት የሌለባቸው መሆኑ የቅጣቱን እርከን ወደ ታች ጎተተው። ለሁለቱ ሦስት ሦስት ዓመት፣ ለትንሹ ከዚያ ዝቅ ያለ። ግቢው ውስጥ የቆመው ሰው "ፍርድ ተሸጠ" እያለ ወጣ። እኔም ውስጤ ከነሱ ጋር አጉረመረመ፤ ልደብቅ አልችልም።

በሩ ላይ የበጎቹ ባለቤት ጠበቁኝ። ሦስት ዓመቱ ያንሳል ሊሉኝ ነው ብዬ መልስ እያዘጋጀሁ ደረስኩ።

"ልጄ፣ የበጎቹስ ነገር?"

"የትኞቹ በጎች?" አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ እንደዚህ ነው ያልኩት።

"ሰባቱ ናቸዋ! ሁለቱ ከብደው ነበር፣ ለመውለድ ሳምንት ቢቀራቸው ነው። እነሱ ሦስት ዓመት ተቀምጠው ሲወጡ በጎቼ ይመለሳሉ?"

የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ትዝ ያለኝ እዚያው ቆሜ ነው። ተበዳይ ነገሩ መሰማት ሲጀምር፣ ካሳዬ በዚሁ መዝገብ ይታይልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ማን ነገራቸው? ማንም። የበጎቹን ግምት ክሱ ላይ በብር ጽፌዋለሁ፤ እሳቸውን ግን ከዕድሜያቸውና ከአድራሻቸው ሌላ የጠየቅኳቸው ነገር አልነበረም። አሁን የቀራቸው ሌላ የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ሌላ ምልልስ፣ ሌላ ቀጠሮ ነው። ቁጭ ብዬ ማመልከቻውን ጻፍኩላቸው። ጥፋቱ የኔ እንደሆነም ነገርኳቸው። "ይሁን" አሉ፤ ፊታቸው ግን ይሁን አላለም።

ከወር በኋላ ዕድሩ ጠራኝና ሦስት ዓመት ለምን እንደሆነ አስረዳ ተባልኩ። በዚህኛው ጊዜ አንቀጽ አልጠቀስኩም። መዝገቡን እንደ ወሬ አወራሁላቸውና "እናንተ ብትሆኑስ?" አልኳቸው። ጥያቄው ዘነበ። አመኑ ወይ? ከዚህ በፊት ሰርቀው ያውቃሉ? ትንሹን ማን አስገባው? ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ ሳያነቡት ጠየቁኝ። ሃያ ይግባ ያለው ሰውዬ እዚያ ነበር፤ አራት ላይ ቆመ። በርኖስ የደረቡት አዛውንት ግን ከአሥር ፍንክች አላሉም፤ ደግሞም በአውጫጭኝ ቢሆን በጎቹ ይከፈሉ ነበር ብለው ወጉኝ። ምን እመልሳለሁ?

አሁን መዝገብ ሲመጣልኝ ስለ ቅጣቱ ከማሰቤ በፊት ተበዳዩን አስጠራለሁ። ምን ጠፋ፣ ስንት ያወጣል፣ ካሳውን አብረን እንጠይቅልዎ እላለሁ። ብዙዎቹ ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና፣ "ይመለሳል እንዴ?" ይሉኛል።