ፊሽካዋ

ስለት አለብኝ። «ባሌን ከዚህ ባሕር ካወጣህልኝ ያደረግህልኝን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብዬ ለእግዚአብሔር ተስያለሁ፤ ይኸው ላደርስ ነው።

ባለቤቴ በትንሿ የሞተር ጀልባው ዓሣ ሊያጠምድ ጠዋት ብቻውን ወጣ። «በ8 ሰዓት እመለሳለሁ» ብሎኝ ነበር። ቀኑ ብራ ነው፤ አየሩም ሞቅ ብሏል። ሰውን የሚያታልለው ይኸው ነው፤ ባሕሩ የክረምቱን ብርድ ገና አልለቀቀም፣ ውኃው 10 ዲግሪ ነበር።

8 ሰዓት አለፈ። ስልኩ አይነሳም። 9 ሰዓት ሲሆን ለባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ደወልሁ። ያነጋገረኝ ሰው የጀልባዋን ቀለም፣ የባለቤቴን ክብደት፣ የለበሰውን ልብስ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። በዚያ ጭንቀት ክብደቱ ምን ያደርግለታል ብዬ ተናድጄ ነበር። ለካ በዚያ ቅዝቃዜ ስንት ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል እየገመቱ ኖሯል። «ላይፍ ጃኬት አድርጓል?» አለኝ። አዎ አልሁት፤ ሲያጠልቀው በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥሪው በ16ኛው የሬዲዮ ቻናል ተላለፈ፤ መርከብም ጀልባም የጭንቅ ጥሪ የሚያዳምጠው በዚያ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀልባዋ ከቋጥኝ ተላትማ ተገኘች። ባዶዋን።

ያኔ ጉልበቴ ከዳኝ። መጸለይም አቃተኝ፤ ይህን አልደብቅም። ስንት ዓመት የለመድሁት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ወለሉ ላይ ተደፍቼ ጴጥሮስ ሊሰጥም ሲል የጮኸውን ብቻ ደጋገምሁ፤ «ጌታ ሆይ አድነው፣ ጌታ ሆይ አድነው!» ጴጥሮስም በዚያች ሰዓት ረጅም ጸሎት አላደረሰም።

ባሕሩ ውስጥ የሆነውን ባለቤቴ ኋላ ነገረኝ። ወደ ቤት ሲመለስ አንድ ማዕበል ጀልባዋን ከጎን መታት፤ ወደቀ። ሰው ሲወድቅ ተስቦ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ከራሱ ጋር አላሰረውም ነበርና ጀልባዋ ጥላው ሄደች። ውኃው እንደነካው ትንፋሹ ቀጥ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ያለፈቃዱ ያለከልክ ጀመር። ብዙ ሰው ውኃ ስቦ የሚሞተው በዚያች በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። የእሱን አፍ ጃኬቱ ከውኃው በላይ ያዘለት።

ትንፋሹ ሲረጋ ጀልባዋን በዋና ሊከተል ቃጣ። «አንድ ነገር ግን ‹ፊሽካውን!› አለኝ» ይላል። ጃኬቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ፊሽካ ፈልጎ በጥርሱ ነከሳት። 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ፊሽካዋ ደረቱ ላይ ተንጠልጥላ ሊይዛት አይችልም ነበር። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ክንዶቹን አጣምሮ፣ ሙቀቱን እየቆጠበ ነፋ።

ጥሪውን በሬዲዮ የሰሙ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ከልጃቸው ጋር ፍለጋ ወጥተው ነበር። መንገድ ላይ ሞተሩን አጥፍተው ጸጥ ብለው ሊያዳምጡ ልባቸው ከጀለ። በመጀመሪያ የወፍ ጫጩት መሰላቸው። ላመሰግናቸው ሄጄ፣ «አባባ፣ ሞተሩን ያጠፉት በስንት ሰዓት ነበር?» አልኋቸው። «ልጄ፣ ሰዓት አላየሁም» አሉኝ። ማን እንዳስጠፋቸው ግን እኔ አውቃለሁ።

ሲያወጡት መንቀጥቀጡ ቆሞ ነበር፤ ይህ ከመንቀጥቀጡ የከፋ ምልክት ነው። ሊያቆሙት ወይም እጅ እግሩን ሊያሹት አልሞከሩም፤ በቀስታ አጋድመው፣ እርጥቡን ልብስ ቀደው፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ሆስፒታል ሲደርስ የሰውነቱ ሙቀት 31 ዲግሪ ነበር። ሌሊቱን ዓይኑን ገልጦ በስሜ ጠራኝ።

ባሎቻቸው ከባሕር ሳይመለሱ የቀሩ፣ ከእኔ በበለጠ እምነት የጸለዩ ሴቶች አሉ። እነሱን ሳስብ እልል ማለት ይከብደኛል። የተደረገልኝን መደበቅ ግን ከዚያ የባሰ ይከብደኛል።

ፊሽካዋን ነርሷ ናት መዳፌ ላይ ያኖረችልኝ። ብርቱካንማ ፕላስቲክ ናት፤ ከላይም ከታችም የጥርሱ ምልክት አለባት።